«እጸጸታለሁ» ወይስ «ይቆጨኛል»? ስለ ጄኔራል ግራንት አንድ ዐረፍተ ነገር

ተርጓሚ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የምተረጉመው ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ ይዞኛል። የሰሜኑን ጦር የመራው ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት በ1885 እ.ኤ.አ. ሊሞት ጥቂት ሲቀረው በጻፈው ግለ ታሪክ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ኮልድ ሃርበር ላይ የተደረገውን የመጨረሻ ማጥቃት ያነሣል። እኔ «ያ ማጥቃት በመደረጉ ምንጊዜም እጸጸታለሁ» ብዬ ተረጎምኩት፤ አራሚዬ ግን «እጸጸታለሁ» የሚለውን ሰርዞ «ይቆጨኛል» አለው። ዕለቱ ጁን 3 ቀን 1864 ነው። ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሰሜኑ ሦስት ኮር (እያንዳንዱ ብዙ ክፍለ ጦር የያዘ) እግረኛ የደቡቡ አዛዥ የጄኔራል ሊ ሠራዊት ቆፍሮ ወደያዘው ምሽግ ፊት ለፊት ተንቀሳቀሰ፤ ብዙው ሰው የረገፈውም በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ለዚህ የሚስማማው የትኛው ግስ ነው?

የግእዝ መምህር፦
ልጄ፣ በመጀመሪያ «ፀፀት» ብለው በፀሐዩ «ፀ» ከሚጽፉት ወገን ባለመሆንህ ደስ ብሎኛል። ወደ ጥያቄው ስንገባ፣ ግእዙ «ነስሐ» ሲል መጸጸትንም ንስሐ መግባትንም ባንድ ግስ ይይዛል፤ አማርኛችን ግን ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ይሁዳ ሠላሳውን ብር ሲመልስ «ተጸጸተ» ተብሏል፤ ንስሐ ገባ ግን አልተባለም። ስለዚህ «ተጸጸተ» ካልክ ሰውየው በደሉን አወቀ እንጂ ካሣ ከፈለ አላልክም። «ቁጭት» የመጣው «ቁጭ ማለት» ከሚለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቆጨው ሰው ያጣውን ነገር ታቅፎ ይቀመጣልና።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መምህር፣ ይፍቱኝና በዚህ አልስማማም። መልክ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም። እኔ «ቁጭት»ን የማዛምደው ከግእዙ «ቍጥዓ» ጋር ነው፤ «ቁጣ» ያልነውም እሱኑ ነው። በአማርኛ «ጠ» ወደ «ጨ» መዞሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ መንገድ ከሄድን ቁጭት ሰው በራሱ ላይ የመለሰው ቁጣ ይሆናል፤ ለጄኔራሉም የሚስማማው ይኸው ነው።

የግእዝ መምህር፦
«ቍጥዓ»ን ያስተማርኩ እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ቁጣ ሌላውን ሰው ይሻል፤ ቁጭት ግን ሌላ ሰው ባይኖርም ይኖራል። ማስረጃ ካለህ የምትተማመንበትን ንባብ አምጣ።

ጡረተኛ መኮንን፦
ሥሩን ለሊቃውንቱ ትቼ ስለ አገባቡ ልናገር። እኛ ወታደሮች «ቆጨኝ» የምንለው እጃችን ሊገባ ደርሶ ስላመለጠን ነገር ነው። ማጥቃቱ ታስቦ የነበረው ለጁን 2 ነው፤ ከሦስቱ አንዱ የሆነው የጄኔራል ሃንኮክ ኮር ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ደክሞ ስለደረሰ ለማግስቱ ተላለፈ፤ በዚያች አንድ ቀን የደቡቡ ጦር ቦዩን አጥልቆ፣ ግንዱን ደርድሮ፣ ከፊትም ከጎንም እሳቱ የሚገናኝበትን መስመር አበጀ። ያቺ ቀን ቆጨችው ቢባል ይገባኛል። የሟችና የቁስለኛውን ቁጥር የቀድሞ ጸሐፊዎች ወደ 7,000 ያደርሱታል፤ የንጋቱን ማጥቃት ለብቻው የቆጠሩ የቅርብ ጊዜ ተመራማሪዎች ከ3,500 እስከ 4,000 ይሉታል። ያንን ያህል ሰው ፊት ለፊት መስደድ ግን ያመለጠ ዕድል አይደለም። ደግሞም ግራንት በዚያው ግለ ታሪክ ሜይ 22 ቀን 1863 ቪክስበርግ ላይ ስላደረገው ማጥቃት ተመሳሳይ ነገር ሊናገር እንደሚችል ጽፏል። ቪክስበርግን ግን በጁላይ 4 ተረክቧታል፤ ከተማዋን ከያዘ በኋላ ምን ይቆጨዋል? የቀረው ያለ ጥቅም ያለቀው ሰው ነው። ስለዚህ ጸጸት ነው።

የሰዋስው ወዳጅ፦
ጋሼ መኮንን ያሉት ልክ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን «በመደረጉ» የሚለው ነው። ግራንት «በማዘዜ» አላለም፤ ተደራጊውን ግስ መርጧል። ማጥቃቱ እንዲካሄድ የወሰነ እሱ ሲሆን፣ ዝርዝሩን በሥሩ ሠራዊቱን ለሚያዝዘው ለጄኔራል ሚድ ትቶለት ነበር። በአማርኛ «እጸጸታለሁ» የሚል ሰው የሠራውን ሥራ የራሱ አድርጎ ይናገራል፤ «በመደረጉ እጸጸታለሁ» ሲባል ጆሮዬን ይከብደዋል፤ ሰው በራሱ እንጂ በሌላው ሥራ አይጸጸትምና። ተርጓሚው «በማዘዜ» ካለ ግራንት ያላለውን ኑዛዜ ያናዝዘዋል፤ «አዝናለሁ» ካለ ደግሞ ያቀለዋል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
«ይቆጨኛል» ራሱ ሰውየውን ተደራጊ ያደርገዋል፤ ቁጭቱ መጥቶ ይይዘዋል እንጂ እሱ አይቆጭም። አራሚው ይህንን አይቶ ይሆናል።

የሰዋስው ወዳጅ፦
«ስቆጭ ኖርኩ» ይባል የለም ወይ? እዚያ ላይ ባለቤቱ ራሱ ቆጪው ነው። ደግሞም በሁለቱ ምሽጎች መካከል የወደቁት ቁስለኞች ግራንትና ሊ ደብዳቤ ሲጻጻፉ እስከ ጁን 7 ሳይነሡ ቆይተው፣ ተኩስ ሲቆም አብዛኞቹ ሞተው ተገኝተዋል። ይህን የሚያውቅ አንባቢ «ይቆጨኛል» የሚለውን ሲያነብ ሰውየው የተሸነፈበትን ውጊያ እንጂ እነዚያን ሰዎች ያሰበ አይመስለውም።

የግእዝ መምህር፦
እኅታችን ስለ አንባቢው ያለችው ይያዝልኝ። «ቁጭ» እና «ቁጭት» ሲነበቡ ፊደላቸው የሚጠብቅበትን ቦታ ግን ማንም ገና አላነሣውም።