አምስት ፎቶ ባንዴ ዴስክቶፕ ላይ ማድረግ ይቻላል?

የወሎ ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። አምስት ፎቶ አለኝ። እናቴ ደሴ በረንዳችን ላይ ቡና ስትቀዳ፣ ወንድሜ በጋዋን ቆሞ፣ ሦስቱ ደግሞ የልጄ ክርስትና ናቸው። ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ስለምውል አምስቱንም ባንዴ ማየት እፈልጋለሁ። ሁሉንም መርጬ ራይት ክሊክ አድርጌ ባክግራውንድ ሳደርጋቸው አንድ በአንድ እየተቀያየሩ ይመጣሉ። ታይል የሚለውንም ሞከርኩ። የእናቴ ፎቶ አነስ ያለች ስለሆነች እሷኑ ደጋግሞ ደረደራት። የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩኝ።

ባለ ሁለት ስክሪን፦
እህቴ፣ ሁለት ስክሪን ካለሽ ለየብቻው የተለያየ ፎቶ መስጠት ይቻላል። ሰቲንግስ ውስጥ ባክግራውንድ ላይ ፎቶውን ራይት ክሊክ አድርጊና የትኛው ሞኒተር ላይ እንደሚሆን ምረጪ። ግን ከሁለት አያልፍም።

ፎቶ ቤት፦
ዊንዶውስ ለአንድ ስክሪን የሚቀበለው አንድ ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ አምስቱን አንድ ምስል ማድረግ አለብሽ። ፓወርፖይንት ካለሽ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ባዶ ስላይድ ክፈቺ። ዲዛይን ከሚለው ስላይድ ሳይዝ፣ ከዚያ ከስተም ግቢና ወርዱን 20 ኢንች፣ ቁመቱን 11.25 ኢንች አድርጊ። ይህችን አትዝለያት። በነበረበት ከተውሽው ምስሉ በ1280 በ720 ፒክስል ነው የሚወጣው፣ ስክሪን ላይ ይደበዝዛል። በዚህኛው ልክ ግን 1920 በ1080 ይሆናል።

አሁን ስላይዱን በሐሳብሽ በቁም ሦስት ቦታ ክፈይው። እናትሽና ወንድምሽ በቁም የተነሱ ከሆነ አንዳንድ ክፍል ስጫቸው። የክርስትናዎቹን ሦስቱን በአግድም ከሆኑ በቀሪው ክፍል አንዱን ካንዱ በላይ ደርድሪያቸው፤ እያንዳንዳቸው 3.75 ኢንች ቁመት ይኖራቸዋል። ልክ ይገጥማል። የስልክ ፎቶ ትንሽ ስለሚተርፍ በክሮፕ ቁረጪው እንጂ ጎትተሽ አታጥብቢው፣ ፊት ያበላሻል። ሲያልቅ ሴቭ አዝ ብለሽ ከዓይነቶቹ ፒኤንጂ ምረጪ። ሁሉንም ስላይድ ወይስ ይህን ብቻ ብሎ ሲጠይቅሽ ይህን ብቻ በይው። የወጣውን ምስል ባክግራውንድ አድርጊው፣ አለቀ።

ስልክ ወዳጅ፦
ኮምፒውተሩ ላይ መልፋት ካልፈለግሽ ጉግል ፎቶስ ላይ ኮላጅ አለ፣ እስከ ስድስት ፎቶ ይወስዳል። ቅርጹ ከስክሪንሽ ጋር ካልገጠመ ግን ዳርና ዳሩ ይቆረጣል። ድሮ ፒካሳ የሚባለው የጉግል የፎቶ ፕሮግራም እያለ ይሄ ሥራ የአንድ ደቂቃ ነበር፤ ጉግል በ2016 አቆመው፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ፎቶዎቹ በየጊዜው ራሳቸው እየተቀያየሩ እንዲደረደሩልሽ ከፈለግሽ ደግሞ ጆንስ ባክግራውንድ ስዊቸር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ።

የወሎ ልጅ፦
በፓወርፖይንቱ ሠራሁት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ። የእናቴ ፎቶ ከሌሎቹ ይደበዝዛል። ደግሞ ሪሳይክል ቢኑና ፎልደሮቹ ፊቷ ላይ ነው ያረፉት።

ፎቶ ቤት፦
በቴሌግራም ነው የመጣልሽ? ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል። የላከልሽ ሰው እንደ ፋይል አድርጎ ድጋሚ ይላክልሽ፣ ያኔ ዋናው ይደርስሻል።

ለአይከኖቹ ደግሞ ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና ቪው ውስጥ አውቶ አሬንጅን አጥፊው። ከዚያ እየጎተትሽ ወደ ጥጉ ውሰጃቸው። ወይም እናትሽን ወደ መሃሉ ክፍል አምጫት፣ አይከን የሚደረደረው ከግራ ነው።

የወሎ ልጅ፦
እህቴ በፋይል ላከችልኝ። የሲኒው ጢስ ሳይቀር ይታያል! እናቴን መሃል አድርጌያታለሁ።