ጤና ጣቢያ ላይ ውፍረትን እንዴት እንከታተል?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለምትሠሩ ባለሙያዎች፦ ለደም ግፊት ክትትል የሚመጣ ሰው ክብደቱ ሲጨምር በ10 ደቂቃ ምን ለክተን ምን እንምከረው? «ክብደት ቀንሱ» ብቻ ብሎ መሸኘት ለውጥ አያመጣም።

መልስ 1፦ ጫማና ጃኬት አውልቆ ይመዘን። ኪሎውን ቁመቱ በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር አካፍሉ። 78 ኪሎና 1.60 ሜትር ከሆነ፣ 78 ÷ 2.56 = 30.5 ይመጣል። ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ነው። ወገቡን በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሹን ሲያስወጣ ለኩ። በቀበቶው መስመር የሚለካ ይሳሳታል፤ ቦርጭ ካለ ቀበቶው ከሥሩ ይወርዳል። የወገቡ ልክ ከቁመቱ ግማሽ ከበለጠ የጾም ስኳርም (ምግብ ሳይበላ የሚለካ የደም ስኳር) ይታይለት።

መልስ 2፦ እኔ ከዘይት እጀምራለሁ። «1 ሊትር ስንት ቀን ያቆያችኋል?» በሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል አለው። በቀን ለአንድ ሰው 2 ማንኪያ ቢታሰብ፣ ለ4 ሰው ቤተሰብ ሊትሩ 8 ቀን ገደማ ይቆያል። በ4 ቀን ካለቀ ችግሩ እዚያ ነው። የጾም ወጥ ቀላል ይመስላል፤ ሽሮው ላይ በጭልፋ ዘይት ከፈሰሰ ግን አይደለም። እባካችሁ፣ ምግብ የምታበስለዋ ሳትኖር አትምከሩ።

መልስ 3፦ ግቡ ትንሽ ይሁን፦ በ6 ወር 5 በመቶ፣ ማለትም ከ78 ኪሎ 4 ያህል። በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። ግሊቤንክላማይድ (የስኳር በሽታ ክኒን) ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል የመድኃኒቱን መጠን ሐኪም አስቀድሞ ይየው። በ4 ሳምንት ተመልሶ በዚያው ሚዛን ይመዘን።