በአከርካሪ ከተሰጠ መድኃኒት በኋላ በልጄ አንጎል ኤምአርአይ ላይ ለውጥ ታየ፤ ምን ማለት ነው?

ጠያቂ (እናት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ7 ዓመት ልጄ ሊምፎብላስቲክ ለተባለው የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። ሜቶትሬክሴት በአከርካሪዋ በኩል በተሰጣት በ9ኛው ቀን፣ ቁርሷን እየበላች ሳለ ማንኪያው ከቀኝ እጇ ወደቀ። ላነሳላት ጎንበስ ስል ልትጠራኝ ፈልጋ አፏ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ አልወጣላትም። ቀኑን ሙሉ እጇ ሲዝልና መለስ ሲል ዋለ፤ በማግስቱ ግን ንግግሯም እጇም ተመለሰ። በዕለቱ በተነሣችው ኤምአርአይ በሁለቱም ጎን በአንጎሏ ነጭ ክፍል ላይ ለውጥ እንዳለ ተጽፏል። ሐኪሟ ከመድኃኒቱ የመጣ ይመስላል ብለው ምርመራው ከሳምንታት በኋላ እንዲደገም አዘዋል። ልጄ ድናለች ወይስ ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን አለ? መድኃኒቱስ ድጋሚ ሊሰጣት ይችላል? ደጋግሞ መነሣቱስ አይጎዳትም?

መልስ 1 (የራዲዮሎጂ ሐኪም)፦
እኅቴ፣ ፈጣሪ ልጅዎን ይማርልዎ። ምስሉን ስላላየሁ ስለ እርሷ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አልችልም፤ የገለጹት አመጣጥ ግን ሜቶትሬክሴት አንዳንድ ጊዜ ከሚያስከትለው፣ ስትሮክ ከሚመስል የአንጎል ሕመም ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በአከርካሪ ከተሰጠ ከ2 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከሠታል፤ ድክመቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ጎን ይቀይራል።

ከስትሮክ የምንለየው በዋናነት በምስሉ ነው። ደም ቅዳ ሥር ሲዘጋ የሚጎዳው ያ ሥር የሚመግበው ክልል ነው፤ በሜቶትሬክሴት ግን ለውጡ የሥሮቹን ድንበር አይጠብቅም። ቀድሞ የሚያጋልጠው ዲፊዩዥን የተባለው የኤምአርአይ ዓይነት ሲሆን፣ ይህም ውሃ በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ምን ያህል እንደልቡ እንደሚንቀሳቀስ ስለሚለካ፣ ሌሎቹ ምስሎች ገና ንጹሕ ሳሉ ለውጡን ያሳያል። በዚያ ሰዓት ሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። አስፓራጂኔዝ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሕፃናት የአንጎላቸው ደም መላሽ ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ስለሚችል፣ ሥሮቹም አብረው መታየታቸውን ሐኪሟን ይጠይቁ፤ ሕክምናው ፈጽሞ የተለየ ነውና።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ምስሉና ልጅቷ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ለደም ካንሰር ከሚታከሙ ሕፃናት ከ5ቱ በአንዱ ገደማ፣ ምንም ምልክት ሳይኖር የነጩ ክፍል ለውጥ በኤምአርአይ ይገኛል። በዲፊዩዥን የታየው አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይጠፋል፤ በሌሎቹ ምስሎች ላይ ግን ጥላው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ሪፖርት «ለውጡ አሁንም አለ» የሚል ቢያነቡ፣ ልጅዎ አልዳነችም ማለት እንዳልሆነ ከወዲሁ ይወቁት።

መድኃኒቱን የመመለሱን ጉዳይ የካንሰር ሐኪሟ ይወስናሉ። ብዙ ሕፃናት ሜቶትሬክሴትን ደግመው ወስደው ሕመሙ አልተመለሰባቸውም፤ አንጎልን የሚጠብቀውን ሕክምና ማቋረጥም ካንሰሩ በዚያው እንዲያገረሽ በር ሊከፍት ይችላል።

መልስ 2 (የኤምአርአይ ባለሙያ)፦
ስለ መነሣቱ ልጨምር። ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ እንጂ በኤክስሬይ ስላልሆነ ጨረር የለውም። በሕፃናት ላይ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማደንዘዣው ነው። የ7 ዓመት ልጅ አስቀድማ ከተለማመደች ብዙ ጊዜ ነቅታ መነሣት ትችላለች፤ የማሽኑን ድምፅ በስልክ አሰሟትና እየሰማች ሳትንቀሳቀስ መተኛትን በጨዋታ መልክ ታጥናው። በክትትል ምርመራ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ላያስፈልግ ስለሚችል፣ ከቀጠሮው በፊት ይጠይቁ።

መልስ 3 (አባት)፦
በልጄ ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር። ጥላው በሦስተኛው ምስል ላይም አልጠፋም፤ እርሱ ግን ይሮጥ ነበር። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው፤ ዓይኔ ሪፖርቱ ላይ ተተክሎ፣ ደብተሩን ለመገልበጥ ከጓደኞቹ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስድበት እንደነበር ዘግይቼ አስተዋልኩ። የትኩረትና የፍጥነት ፈተና በሥነ ልቦና ባለሙያ ተደርጎለት ነው በትምህርቱ ድጋፍ ያገኘው።

መልስ 1 (የራዲዮሎጂ ሐኪም)፦
አባትየው ያሉት ትክክል ነው። ትኩረቷንና የማሰብ ፍጥነቷን እኛ ከምስል አንለካም፤ ያንን ፈተና አሁኑኑ ጠይቀው ቢያሠሩላት፣ በኋላ ለማወዳደር መነሻ ይሆናል።

ጠያቂ (እናት)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደም መላሽ ሥሮቹን፣ የጋዶሊኒየሙንና የሥነ ልቦና ፈተናውን ጉዳይ ጽፌ ይዣለሁ። ዛሬ ማታ የማሽኑን ድምፅ አሰማኋት፤ እስኪያልቅ ድረስ ጣቷን እንኳ ሳታንቀሳቅስ ተኛች።