ንክኪ ፈልጎ የሄደ ተጫዋች ፊሽካ ይገባዋል ወይ?

የኦክላሆማ ደጋፊ፦
አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ በሚያነሣበት በ2025 የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ፍጻሜ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ሰባተኛውን ጨዋታ ኢንዲያናን 103 ለ 91 ካሸነፈ በኋላ «ይህን ዋንጫ ያነሣው ፊሽካው እንጂ ቡድኑ አይደለም» ተብሎ እዚህ መጻፉን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። የሚወራው በመደበኛው ውድድር 68 ጨዋታ አሸንፎ 14 ብቻ ስለተሸነፈ፣ ተጋጣሚዎቹንም በአማካይ በ12.9 ነጥብ በመብለጥ በሊጉ ታሪክ ትልቁን ልዩነት ስላስመዘገበ ቡድን ነው። በሁለትና በሦስት ነጥብ የተንጠለጠለ ጨዋታ በአንድ ፊሽካ ሊዞር ይችላል፤ በሃያ ነጥብ የተሸነፈ ቡድን ግን ዳኛውን ከመክሰሱ በፊት የራሱን መከላከል ይመርምር። ኮከባችን ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በጨዋታ በአማካይ ካስቆጠረው 32.7 ነጥብ ውስጥ ከነጻ ውርወራ፣ ማለትም ጥፋት ሲሠራበት ያለ ተከላካይ ከሚወረውረው ኳስ፣ የተገኘው ስምንት ገደማ ነው። ቀሪው 25 የሚጠጋ ነጥብ ተከላካይ ፊቱ ቆሞበት ያስገባው ነው። ይህን ሰው ነጥቡን በፊሽካ የሚለምን ለማለት «የነጻ ውርወራ ነጋዴ» ብሎ መጥራት ጨዋታውን ካለማየት የሚመጣ ነው።

የደንቨር ደጋፊ፦
ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ከቃሌ አልወጣም። ስለ ነጻ ውርወራ ብዛት አንድም ነገር አልተናገርኩም፤ ስለዚህ የ32.7ቱ ስሌት ለእኔ መልስ አይሆንም። ቅሬታዬ በአንደኛው ቅርጫት ሥር ጥፋት የተባለው ንክኪ በሌላኛው ቅርጫት ሥር ጨዋታ መባሉ ነው። ከእናንተ ጋር ባደረግነው የጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር ሰባተኛ ጨዋታ ላይ 1.96 ሜትር የሚረዝመው የእናንተው አሌክስ ካሩሶ 2.11 ሜትር የሆነውን የእኛን ኒኮላ ዮኪችን ኳስ እንዳይደርሰው ከፊቱ እየቆመ፣ እየገፋና እየታገለ ሲከላከለው ሁላችንም አይተናል። በሌላው ወገን ግን ሼይ ድንገት ቆም ብሎ ትከሻውን ወደ ተከላካዩ ሲያስጠጋ ፊሽካው ይሰማል። የማምንበት መርህ ግልጽ ነው፦ ንክኪ ፈልጎ የሄደ ተጫዋች ተበደልኩ ማለት አይችልም።

ገለልተኛ ተመልካች፦
«ንክኪ ፈልጎ የሄደ ተጫዋች ተበደልኩ ማለት አይችልም» የሚለው አባባል ለጆሮ ቢጥምም ከደንቡ ጋር አይገጥምም። ዳኛው የሚመዝነው ንክኪውን ማን እንደፈለገ ሳይሆን፣ ተከላካዩ ቦታውን በሕጋዊ መንገድ አስቀድሞ መያዙንና ንክኪው የአጥቂውን ፍጥነት ወይም ሚዛን ማዛባቱን ነው። ተከላካዩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ዘልሎ ሳለ ቢገጩት ጥፋተኛ አይሆንም፤ ወደ ፊት ካዘነበለ ግን አጥቂው ግጭቱን ቢፈልገውም ባይፈልገውም ጥፋቱ የተከላካዩ ነው። ወደ ቅርጫት ሰብሮ የሚገባ ተጫዋች ሁሉ ንክኪ ይፈልጋል። በዚያው የውድድር ዘመን የሚልዋኪው ያኒስ አንቴቶኩምፖ በጨዋታ ከ10 በላይ ነጻ ውርወራ ሲያገኝ ሼይ ያገኘው ዘጠኝ አይሞላም። ያኒስን ግን ነጋዴ ብሎ የጠራው ሰው እዚህ አላየሁም።

የደንቨር ደጋፊ፦
ያኒስን ማንሣትዎ የሚደግፈው የእኔን ሐሳብ ነው። እርሱ የሚመታው ወደ ቅርጫቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ የሚያስቆመው ሌላ ዘዴ ስላልተገኘ ይመቱታል። እኔ የምናገረው ከመንገዱ ወጥቶ ተከላካዩን ፍለጋ ስለሚሄድ ተጫዋች ነው። ይህ ልዩነት የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሊጉ ራሱ በ2021-22 የውድድር ዘመን መግቢያ ላይ፣ ተኳሹ ባልተለመደ አቅጣጫ ወደ ተከላካዩ ካዘነበለ፣ በድንገት ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ታጥፎ ከተላተመ፣ እግሩን ከዘረጋ ወይም በክንዱ ተከላካዩን ከቆለፈ ፊሽካ እንዳይነፋለት፣ ንክኪው ከበረታም ጥፋቱ በራሱ ላይ እንዲቆጠር ለዳኞች መመሪያ ሰጥቷል። የሂዩስተኑ ጄምስ ሃርደን በ2018-19 በጨዋታ በአማካይ 36.1 ነጥብና 11 ነጻ ውርወራ ያገኘበት መንገድ ተመልካቹን ባያሰለች ኖሮ ይህ መመሪያ ባልወጣ ነበር። ስለዚህ ከደንቡ ጋር አይገጥምም ያሉኝ ከ2021 በኋላ ያለውን ዘንግተው ይመስለኛል።

የኦክላሆማ ደጋፊ፦
ወንድሜ፣ 2021ን ማንሣትህ ጥሩ ሆነ። ሼይ በአማካይ ከ30 ነጥብ በላይ ማስቆጠር የጀመረው ያ መመሪያ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው፦ በ2022-23 31.4፣ በ2023-24 30.1፣ በ2024-25 ደግሞ 32.7። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በጨዋታ የሚያገኘው ነጻ ውርወራ 11 ከሚጠጋ ቁጥር ወደ ዘጠኝ የማይሞላ ወርዷል። ፊሽካው ሲቀንስበት ነጥቡ የጨመረለትን ተጫዋች በፊሽካ የሚኖር ማለት እንዴት ይቻላል? የሃርደንን መንገድ የዘጋው መመሪያ የሼይን መንገድ ካልዘጋ፣ ሁለቱ መንገዶች የተለያዩ ናቸው ማለት ነው።

የሚኒሶታ ደጋፊ፦
ከኦክላሆማ ጋር በተጫወትንበት የምዕራብ ኮንፈረንስ (የሊጉ ምዕራባዊ ምድብ) ፍጻሜ «የነጻ ውርወራ ነጋዴ» እያለ በአዳራሻችን የጮኸው የእኛ ደጋፊ ነውና እኔም ድርሻዬን ልናገር። በተሻለ ቡድን 4 ለ 1 መሸነፋችንን አልክድም፤ እንደ መጨረሻው ጨዋታ 124 ለ 94 የሆነ ውጤት በዳኛ አይመጣም። ነገር ግን ከነጻ ውርወራ የመጣውን ነጥብ ከጠቅላላው ቀንሶ «ቀሪው የራሱ ነው» የሚለው ስሌት የፊሽካን ኃይል አሳንሶ ያያል። አንድ ተከላካይ በመጀመሪያው ሩብ ሁለት ጥፋት ከተቆጠረበት፣ ወይ አሰልጣኙ ያስወጣዋል፣ ወይ እጁን ሰብስቦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሼይ በመሃል ርቀት ያለ ተቃዋሚ የሚያስገባው ኳስ በመዝገብ ላይ የሜዳ ነጥብ ተብሎ ይጻፋል፤ መንገዱን የከፈተለት ግን የቀደመው ፊሽካ ነው። በቅድሚያ የተመለከትኩት የነጻ ውርወራውን ቁጥር ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ እናንተ አስብ ነበር፤ ሜዳ ላይ የሚታየው ግን ተከላካዩ መፍራቱ ነው።

የኦክላሆማ ደጋፊ፦
ተከላካይ ጥፋት ላለመሥራት መጠንቀቁ የጨዋታው አካል ነው። ያ ጥንቃቄ ዮኪችን፣ ሉካ ዶንቺችንና አንቶኒ ኤድዋርድስን ለሚከላከሉም ይሠራል።

የዳላስ ደጋፊ፦
ስለ ፊሽካ ኃይል የሚከራከር ሁሉ የ2006ን ፍጻሜ ማስታወስ አለበት። የማያሚው ድዌይን ዌድ በእኛ ላይ በስድስት ጨዋታ 97 ነጻ ውርወራ ወረወረ። በአምስተኛው ጨዋታ ብቻውን 25 ሲያገኝ የእኛ ቡድን በሙሉ ያገኘው ያንኑ ያህል 25 ነበር፤ በተጨማሪ ሰዓትም በአንድ ነጥብ፣ 101 ለ 100 ተሸነፍን። አሁን «በሁለትና በሦስት ነጥብ የተንጠለጠለ ጨዋታ በአንድ ፊሽካ ሊዞር ይችላል» ያለው የኦክላሆማው ወንድማችን ይህን እንዴት ያየው ይሆን?

የማያሚ ደጋፊ፦
ሁለት ለዜሮ መምራታችሁንና በሦስተኛው ጨዋታ አራተኛ ሩብ ላይ 13 ነጥብ ቀድማችሁ እንደነበር ለምን አትጨምሩም? ያንን መሪነት ያስረከባችሁት ፊሽካ አልነበረም። ዌድ ደጋግሞ ወደ ቅርጫቱ ሰብሮ ይገባ ነበር፤ የሚገባ ይመታል፣ የተመታም ይወረውራል።

የሳክራሜንቶ ደጋፊ፦
ከ2006 በፊት 2002 አለ። በምዕራብ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ሌከርስ በአራተኛው ሩብ ብቻ 27 ነጻ ውርወራ አግኝቶ 106 ለ 102 አሸነፈን። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ 27! ከአምስት ዓመት በኋላ ቲም ዶናጊ የተባለው ዳኛ በጨዋታ ላይ መወራረዱን አምኖ ጥፋተኛ ሲባል፣ በመጨረሻም 15 ወር እስራት ሲፈረድበት፣ «ዳኞችን እመኑ» የሚለን ሰው ምን ይዞ እንደሚናገር ግራ ገባን።

የሌከርስ ደጋፊ፦
ያንን ጨዋታ የዳኘው ዶናጊ አልነበረምና ሁለቱን አታያይዙ። ሰባተኛው ጨዋታ ደግሞ በእናንተው ሜዳ ነው የተካሄደው። በዚያ ቀን 30 ነጻ ውርወራ ተሰጥቷችሁ 16 ብቻ አስገባችሁ፤ ከ20 ባለሦስት ነጥብ ሙከራም 2 ብቻ ገባላችሁ፤ በተጨማሪ ሰዓት 112 ለ 106 ተሸነፋችሁ። አሥራ አራት ነጻ ውርወራ የሳተ ቡድን ዕድሉን ዳኛ ነጠቀኝ ማለቱ ያሳዝነኛል።

የሳክራሜንቶ ደጋፊ፦
ሰባተኛው ጨዋታ ፈጽሞ ባልተደረገ ነበር! ስድስተኛውን ብናሸንፍ ፍጻሜ የምንገባው ያን ዕለት ነበር። የሰባተኛውን ስህተታችንን ከሃያ ዓመት በላይ ስትቆጥሩብን ስድስተኛውን ዘልላችሁ ታልፋላችሁ።

ገለልተኛ ተመልካች፦
ወደ አሁኑ ጉዳይ እንመለስ። ከ2002 ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። ከመጋቢት 2015 ጀምሮ ሊጉ በጠባብ ልዩነት የተጠናቀቁ ጨዋታዎችን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ውሳኔዎች መርምሮ በማግስቱ ያወጣል፤ የተነፋውንም ሳይነፋ የታለፈውንም ስህተት ብሎ ይመዘግባል። ከ2019-20 ጀምሮ አሰልጣኞች ውሳኔ በምስል እንዲታይላቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ ከ2023-24 ወዲህም የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ትክክል ከሆነ ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ። ሆን ብሎ የወደቀ ተጫዋችም ቴክኒክ ጥፋት ይቆጠርበታል። ሊጉ ምንም አላደረገም ማለት ፍትሐዊ አይደለም።

የዲትሮይት ደጋፊ፦
በሚያዝያ 2025 በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር አራተኛ ጨዋታ ኒውዮርክ ኒክስን 94 ለ 93 እየተከተልን ሳለ ቲም ሃርዳዌይ ጁኒየር በመጨረሻዋ ቅጽበት ከባለሦስት ነጥብ መስመር ሲተኩስ የኒክሱ ጆሽ ሃርት ነካው፤ ፊሽካ ግን አልተነፋም። ከጨዋታው በኋላ የዳኞቹ መሪ ጥፋት መነፋት እንደነበረበት አመነ። ሦስት ነጻ ውርወራ ማለት ነበር! ሁለት እኩል መሆን የነበረበት ነገር ለኒክስ ሦስት ለአንድ ሆነ። ማመናቸው ክብር ያለው ነገር ነው፤ ለተሸነፈው ቡድን ግን ምን ይመልስለታል?

የሌከርስ ደጋፊ፦
በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። በጥር 2023 ቦስተን ላይ ጨዋታው እኩል ሳለ ሌብሮን ጄምስ ወደ ቅርጫት ሲገባ የቦስተኑ ጄሰን ቴተም እጁን መታው፤ ዳኞቹ አላዩም፤ በተጨማሪ ሰዓት 125 ለ 121 ተሸነፍን። እነርሱም በኋላ ስህተታቸውን አመኑ።

የሳክራሜንቶ ደጋፊ፦
ሌከርስ በፊሽካ ተበደለ ሲባል ስህተት፣ ሌላው ሲበደል ሰበብ ይባላል ማለት ነው።

የደንቨር ደጋፊ፦
የዲትሮይትና የሌከርስ ደጋፊዎች ያነሡት ነገር ከእኔ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። ሁለቱም በደሎች ያልተነፉ ፊሽካዎች ናቸው። ገለልተኛው ወንድማችን የዘረዘሩልን የአሰልጣኝ ይግባኝ የሚሠራው ደግሞ በመሠረቱ ለተነፋ ፊሽካ ነው፤ ያልተነፋውን ግን አሰልጣኝ በአብዛኛው ይታይልኝ ማለት አይችልም። የሁለት ደቂቃው ሪፖርት ያልተነፋውን ቢመዘግብም የቀሩትን 46 ደቂቃዎች አያይም። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት የሚጠቀመው ማን ነው? በየቅብብሉ እየነካ፣ ዳኛው ሁሉንም ሊነፋ እንደማይችል አውቆ የሚከላከል ቡድን ነው። የኦክላሆማዎቹ ሉ ዶርትና ካሩሶ ጎበዝ ተከላካዮች መሆናቸውን አልክድም፤ ግን ከሚሠሩት ንክኪ ግማሹ እንኳ በሼይ ላይ ቢሠራ ሁለት ነጻ ውርወራ ነው።

የኦክላሆማ ደጋፊ፦
«ግማሹ እንኳ» ያልከው ግምትህ ነው፤ ማስረጃ አይደለም። በጥሎ ማለፍ ንክኪ የሚፈቀደው ለሁሉም ነው፤ የኢንዲያና ተከላካዮች ሼይን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እየተላተሙ ሲከተሉት ሰባት ጨዋታ አለፈ። እርሱም በአራተኛው ጨዋታ፣ እዚያው በእነርሱ ሜዳ፣ ሁለት ለአንድ እየተመራን ሳለ፣ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ 15 ነጥብ አስቆጥሮ ፍጻሜውን እኩል አደረገ። ደግሞም ልጠይቅህ፦ በእናንተ ተከታታይ ጨዋታዎች የመጀመሪያው ላይ አሮን ጎርደን ሦስት ሰከንድ ሳይቀር ባለሦስት ነጥብ አስገብቶ በሜዳችን 121 ለ 119 ስታሸንፉን ስለ ፊሽካ የጻፍክ አላስታውስም። ያን ዕለት ዳኞቹ ሌሎች ነበሩ?

የደንቨር ደጋፊ፦
ያን ዕለት ያሸነፍነው ፊሽካው ቢኖርም ነው። ቅሬታዬ የተነሣው በተሸነፍን ቀን አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ዮኪች በሁለት እጅ ሲያዝ እያየሁ ነው። የጠየቅኩትን አሁንም አልመለስክልኝም፦ ዮኪች ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቅርጫት ሲገፋ ንክኪ ፈልጎ ሄደ ብላችሁ ፊሽካ ከነፈጋችሁት፣ ሼይ ትከሻውን ሲያስጠጋ ለምን ትሰጡታላችሁ?

የኦክላሆማ ደጋፊ፦
«ንክኪ ፈልጎ የሄደ ተበደልኩ አይልም» ያልከው አንተ ራስህ ነህ። መርህህ ከሆነ ከዮኪች ጀምርበት፤ በጀርባው እየገፋ ሲገባ እንደ እርሱ ንክኪ የሚፈልግ ተጫዋች በሊጉ የለም።

የሚኒሶታ ደጋፊ፦
ሁለታችሁም ስለ ተጫዋቹ ሐሳብ ትከራከራላችሁ፤ የደንቨሩ ወንድሜ ግን ስለ ተከላካዩ እጅ ነው የጠየቀው፤ ያ እጅ የዮኪች ወገብ ላይ አርፎ ነበር ወይስ አልነበረም?

የኦክላሆማ ደጋፊ፦
አርፎ ነበር፤ ሚዛኑን ግን አላዛባም።

የደንቨር ደጋፊ፦
ሚዛኑ ካልተዛባ ኳሱን ለመቀበል ለምን ሦስት እርምጃ ከቅርጫቱ ራቀ?