ቅድመ አያቴ የት እንደተቀበሩ ለማወቅ ከየት ልጀምር?

የጊዮርጊስ ሰፈር ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ባህር ዳር ነው፣ የአባቴ ወገን ግን ደራ ነው፣ ቆራጣ አካባቢ፣ ጣና ዳር። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ የዘር ሐረግ ልስራ ብሎ ተነሳና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እሱ ያለበት አገር ሕዝብ ቆጠራ 72 ዓመት ሲሞላው ስም ሳይቀር ይፋ ይወጣል፤ የ1950ውን፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ በ2022 ለቀውታል። እኛም ጋ እንደዚያ መስሎት "ሂድና ጠይቅልኝ" ይለኛል። አንድ ቢሮ ገና አያቴን ስጠቅስ "የምን ውርስ ነው?" ብለው መሬት ፈላጊ አደረጉኝ። ቅዳሜ በሐሙሲት ሚኒባስ ሄጄ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ዞርኩት። ሲሚንቶ ያለው ሁሉ የቅርብ ሰው ነው። የድሮው የድንጋይ ክምር ብቻ ነው፣ ሣር ውጦታል፣ ስም የሚባል የለውም። የማውቀው ስማቸውንና ጣሊያን እንደወጣ መሞታቸውን ነው።

ጭስ ዓባይ፦
ቆጠራውን እርሳው። በአገር ደረጃ የተቆጠርነው 3 ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። ቅድመ አያትህ አንዱም ላይ አልደረሱም። ቢደርሱም ቆጣሪው ቤት ለቤት ዞሮ ይመዘግባል እንጂ ለሕዝብ የሚወጣው ድምሩ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ደግሞ በአገር አቀፍ የተጀመረው ገና በ2008 ነው። ለአጎትህ ልጅ አንድ ነገር ንገርልኝ፦ "የቤተሰብ ስም" የሚለውን ሳጥን ባዶ ይተወው፣ አለዚያ በየትውልዱ ሌላ ቤተሰብ ሆናችሁ ቁጭ ትላላችሁ 😂

የድሮ ዲያቆን፦
ወንድሜ፣ ካህን ፊት በዓለም ስማቸው ብትጠይቅ አይሆንም። ፍትሐቱም ተዝካሩም ሙት ዓመቱም በክርስትና ስም ነው። ብዙ ቤት የሟቾቹን ስም ጽፎ ለንስሐ አባቱ ይሰጣል። የእኛ ቤቷ አንድ የደብተር ቅጠል ናት፣ እጥፋቷ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፋለች፣ 14 ስም አለባት፣ ከላይ ያሉት 3 የማን እንደሆኑ እናቴም አታውቅም።
ዓመቱን ሽማግሌ ጠይቅ፣ ግን ዓመተ ምሕረት አይነግርህም፣ "ዘመነ ሉቃስ ነው" ይልሃል። አትደንግጥ። ዓመቱን ለ4 አካፍለው፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ቀኑን በታቦቱ ታገኘዋለህ።

ባለርስት፦
ልጄ፣ መቃብሩን ተወውና ሙግት ፈልግ። መሬት በየካቲት 1967 እስኪታወጅ ድረስ በጌምድርም ጎጃምም ርስት የሚገኘው ዘር ተቆጥሮ ነበር። አቅኚው አባት ድረስ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው ማለት ነው፣ ቆጥረህ ካልደረስህ ድርሻ አልነበረህም። ስለዚህ የተሟጋች ቤት ሳጥን ውስጥ ከግብር ደረሰኝ ጋር ተጠቅልሎ የትውልድ ቆጠራ ሊኖር ይችላል። ርስት በእናትም ይወረስ ነበር፣ ሐረጉ መሃል ላይ ወደ ሴት ሲዞር አባት መስላህ እንዳታልፋት። ደግሞ ሰው ሊረታ ሲል አያት ይቀጥላል! የባላጋራውንም ቆጠራ አይተህ አስተያይ። እና ገና ደጃፍ ላይ ሳለህ "መሬት ፈልጌ አይደለም" በል፣ ቡና የሚፈላልህ ከዚያ በኋላ ነው።

የጊዮርጊስ ሰፈር ልጅ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የአባቴ አክስት ጋ ደወልኩ። ስማቸውን ስጠራ "ማንን ነው?" አሉኝ፣ ክርስትና ስማቸውን ስጠይቅ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ "ገብረ ኪዳን!"። የሞቱት ለኅዳር ሚካኤል፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ጣሊያን በወጣ ማግስት። አካፈልኩት፤ 1933 ማቴዎስ፣ 1934 ማርቆስ። ኅዳር 12 ቀን 1934 ማለት ነው። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ፣ ጎንደር ያለው ጣሊያን እጁን የሰጠው እኮ ኅዳር 18 ነው፣ በዚያው ዓመት። ታዲያ እንዴት "ከወጣ በኋላ" ይሆናል? ወይስ የሚቀጥለው ማርቆስ፣ 1938 ነው?

ባለርስት፦
1934 ነው። ደብረ ታቦርን የለቀቀው በ1933 ክረምት ነው። ለደራ ሰው ጣሊያን የወጣው ያን ጊዜ ነው፣ ጎንደር የራሱ ጉዳይ። አክስትህን ደግመህ ደውልና በስተየት በኩል እንደተቀበሩ ጠይቃቸው፣ ከቤተልሔሙ በስተጀርባ ነው ወይስ ከበሩ በኩል።