የዕቅድ ውይይት፦ ምንጭ እንዴት እንጥቀስ? (ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ)

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። አንቀጽ 1፦ «ወደ ማኅበሩ የጋራ የዘር ሐረግ የሚገባ ማንኛውም ስም፣ ቀንና ዝምድና ዋናው መዝገብ ታይቶ ይረጋገጣል፤ ምንጩም ይጠቀሳል።» አንቀጽ 2 በሕይወት ያሉ ሰዎችን መረጃ እንደማናስገባ ይገልጻል። እሱ ላይ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። አንቀጽ 1 ላይ አስተያየታችሁን ጻፉ።

ገንዘብ ያዥ፦
«ዋናው መዝገብ ታይቶ» ሲባል ምን ማለት ነው? አብዛኞቻችን የምናየው ስካን ነው። ለእያንዳንዱ ስም ወደ ቤተ መዛግብት ሰው እንላክ ከተባለ ካዝናችን አይችለውም፤ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

የመዝገብ ንባብ ቡድን፦
ስካኑ ሙሉ ገጹን እስካሳየና እስከተነበበ ድረስ ችግር የለበትም። እኛን የሚያሳስበን ማውጫው ነው። ማውጫ ሌላ ሰው መዝገቡን አንብቦ የገባውን የጻፈበት ነው። 1 እና 7 ይምታታሉ፣ የደበዘዘ ስም በግምት ይሞላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሚተወው ነገር ነው። የምስክሮችን ስም፣ የኅዳግ ማስታወሻን፣ ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያወጣም። የጠፋ ዘመድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን እዚያ ነው።

ደግሞም ዋና መዝገብ ሁሉ እውነት አይደለም። የሞት ምስክር ወረቀትን ውሰዱ። ሰውየው የሞተበትን ቀን ያስመዘገበው በቅርብ የነበረ ሰው ስለሆነ ይታመናል። እዚያው ወረቀት ላይ ያለውን የልደት ቀንና የእናት ስም የተናገረው ግን ልጁ ወይም አማቹ ሊሆን ይችላል። ሟቹ ሲወለድ ማንኛቸውም አልነበሩም። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ዓይነት መረጃ። ስለዚህ መዝገቡን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን መረጃ ለየብቻ እንመዝን።

የአየርላንድ ጥናት አስተባባሪ፦
አንቀጹ እንዳለ ከጸደቀ የእኛን ሥራ ዘጋችሁት ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ1922 ደብሊን ውስጥ የፎር ኮርትስ መዝገብ ቤት ሲወድም ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል አብሮ ጠፋ። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራም በ1921 እሳት ክፉኛ ተጎድቶ፣ ቀሪውም በኋላ ተወግዶ፣ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው። በእንግሊዝ ከ1598 ጀምሮ ደብሮች የመዝገባቸውን ግልባጭ በየዓመቱ ለጳጳሱ ይልኩ ነበር። ዋናው በጠፋበት ደብር የምንሠራው በዚያ ነው። ግልባጭ አይከልከል፤ ግልባጭ መሆኑ ይጻፍ።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ሊንኩን ብንለጥፍ አይበቃም?

የመዝገብ ንባብ ቡድን፦
አይበቃም። ድረ ገጹ አድራሻ ሲቀይር ምንጩም አብሮ ይጠፋል። ሊንኩ ተጨማሪ ይሁን። ዋናው እንዲህ ይጻፍ፦ «የጥምቀት መዝገብ፣ የደብሩ ስም፣ ጥራዝ 3፣ ገጽ 41፣ ተራ ቁጥር 12፤ መዝገቡ ያለበት ቤተ መዛግብት፤ ያየሁት ስካኑን ነው፤ ያየሁበት ቀን።» ሌላ ሰው ያለ እናንተ እርዳታ ገጹ ላይ መድረስ አለበት።

ቀን ደግሞ እንደተጻፈው ይገልበጥ። በእንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ በይፋ የሚጀምረው ማርች 25 ነበር። መዝገቡ ፌብሩዋሪ 1740 ካለ ዛሬ 1741 የምንለው ነው። ስሌታችሁን ለብቻው በማስታወሻ አስቀምጡ እንጂ መዝገቡን አታርሙት።

የኮምፒውተር ሥራ አስተባባሪ፦
ጌድኮም (የዘር ሐረግ መረጃ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ የሚተላለፍበት የፋይል ዓይነት) ምንጭን ከ0 እስከ 3 የሚመዝን ቦታ አለው። እንጠቀምበት?

የአየርላንድ ጥናት አስተባባሪ፦
ቁጥሩ ምክንያቱን አይናገርም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦
እስከዛሬ የገባውስ? ግማሹ ምንጭ የለውም እኮ። እንሰርዘው ካላችሁ ሰው ይቀየመናል።

ጸሐፊ፦
አይሰረዝም። «ምንጩ አልታየም» የሚል ምልክት ይደረግበት። አንቀጽ 1ን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦

«እያንዳንዱ መረጃ ያስገባው አባል በዓይኑ ያየውን ምንጭ ይጠቅሳል። ያየው ዋናውን፣ ስካኑን፣ ግልባጩን ወይስ ማውጫውን እንደሆነ ይገልጻል። በማውጫ ብቻ የገባ መረጃ ገጹ እስኪታይ ድረስ ጊዜያዊ ነው። መዝገቡ ከጠፋ መጥፋቱ ይጻፋል። ተፈልጎ ያልተገኘም የት እንደተፈለገ ይመዘገባል። ምንጮች ሲጋጩ ሁለቱም ይጠቀሳሉ፤ አንዱ የተመረጠበት ምክንያትም ይብራራል።»

የንባብ ቡድኑ የአጠቃቀስ ናሙናዎችን በአንድ ገጽ ያዘጋጅልን። የቃል ምስክርነት አጠቃቀስ ገና አልተነጋገርንበትም፤ ለሱ ሌላ ውይይት እከፍታለሁ።