ጭላዳን መድረክ ላይ እንዴት እናምጣው?
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ የአንድ ቴአትር ክበብ አዘጋጅ ነኝ። ጭላዳ ዝንጀሮ ስለሚያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች ቴአትር ይዘን ልምምድ ላይ ነን። የተመራማሪዎቹ ነገር አላስቸገረም፤ የጨነቀኝ ጭላዳው ነው። እሱ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው የሚውለው፤ ተዋናዮቹ ግን ሙዝ የሚበላ ዘላይ ጦጣ ያደርጉታል (ፊልም ያበላሸን ይመስለኛል)። ከሌላው ጋር ሲፋጠጥ ደግሞ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል። ጭምብል ካጠለቅን ይሄ ይጠፋል፤ ካላጠለቅን ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። የደረቱን ቀይ ቆዳስ በምን እንሥራው? ቀይ ጨርቅ ሞክረን ከሩቅ ቁስል መሰለ። ቴአትር የሠራችሁ፣ ወይም ወሎ ደጋ ላይ ጭላዳ እያያችሁ ያደጋችሁ፣ እባካችሁ ምከሩን። አዳራሹ ጠባብ ነው፤ የፊት ተመልካች ከተዋናዩ አንድ እርምጃ ቢርቅ ነው።